ካንሰር ሲያዝሽ አለኝታሽን እንዴት ታደራጂያለሽ?

ወሎ ውስጥ የታመመ ሰው ጠያቂ አያጣም። ካንሰር መሆኑ በተሰማ በሳምንቱ ቤቱ ይሞላል፤ ብርቱካኑ ይደረደራል፣ ቡናው ይፈላል፣ «አብሽሪ»ው ይዘንባል። ችግሩ ሌላ ነው። ያ ሁሉ ሰው ገብቶ ወጥቶ ሲያበቃ አንቺ ስለ ፍርሃትሽ አንዲት ቃል ሳትተነፍሺ ትተኛለሽ። እና ሰው አለሽ እንበል። የሚቀረው ያለሽን ሰው በየቦታው መመደብ ነው። እኔ እንደማየው ተስፋም በአብዛኛው የሚገባው በዚያው በር ነው።

(«አንቺ» እያልኩ የምጽፈው በአገራችን ሴቶች ላይ የጡትና የማህፀን በር ካንሰር ስለሚበዛ ነው። ወንዶች ለራሳችሁ እየለወጣችሁ አንብቡ።)

1. እውነቱን ለራስሽ አስነግሪ

ብዙ ቤት ውስጥ የምርመራ ውጤት መጀመሪያ የሚደርሰው ለባል ወይም ለወንድም ነው። «ለሷ እንዳትነግሯት፣ ትደነግጣለች» ይባላል። ከፍቅር ነው፣ አይካድም። ግን ታማሚዋ ከሰው ፊት ላይ ታነበዋለች። እናቷ ጓዳ ገብታ ስትቆይ፣ ጎረቤት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያ ክፉ በሽታ» ሲል ትሰማለች፤ ከዚያ እሷ የማታውቅ መስላ፣ እነሱም ምንም የሌለ መስለው ይከርማሉ፣ ሁሉም በየጥጉ ለብቻው ይፈራል።

ስለዚህ ሐኪሙን «ውጤቴን ለእኔው ንገረኝ» በይው። መብትሽ ነው። ስትገቢ ጥያቄዎችሽን በወረቀት ያዢ፤ የት ነው የጀመረው? ተሰራጭቷል ወይ? ሕክምናው ለማዳን ነው ወይስ በሽታውን ይዞ ለማቆየት? ቀጥሎ ምን ይደረጋል? መልሱን የሚጽፍልሽ ሰው ይዘሽ ግቢ፣ ምክንያቱም ድንጋጤ ላይ ያለ ጆሮ ግማሹን አይሰማም። ሁሉንም በአንድ ቀን ማወቅም ግዴታ የለብሽም። «ለዛሬ ይበቃኛል» ማለት ትችያለሽ። ካንሰር ሁሉ አንድ አይደለም። ቶሎ ተደርሶባቸው የሚድኑ አሉ፣ ባይድኑም በሕክምና ዓመታት የሚያኖሩ አሉ። የራስሽን ሳታውቂ በሰው ወሬ አትሙቺ።

2. አንድ የምትሰማሽ ሰው ምረጪ

አንድ ይበቃል። ከአንቺ ብሳ የማታለቅስ፣ ወሬ የማታወጣ፣ መልስ ለመስጠት የማትቸኩል። ብዙ ጊዜ እናትሽ አይደለችም፤ እናት አንጀቷ አይችልም። የአክስት ልጅ፣ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ አንዳንዴ ከቅርብ ዘመድ ይልቅ ጎረቤት ትሻላለች። መጀመሪያውኑ ቁርጥ አድርገሽ ንገሪያት፦ «ምክር አልፈልግም፣ አይዞሽም አትበይኝ፣ ዝም ብለሽ ስሚኝ።» ቀን ቁረጡለት። ዝም ብሎ «ደውዪልኝ» የተባለ ነገር አይደወልም።

3. ጠያቂውን ሥራ ስጪው

እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ የወሎ ሰው ፈተናም ሀብትም ያለው እዚህ ነው።

አንዷ ትመጣለች። ነጠላዋን አስተካክላ ትቀመጣለች፣ «ያጎቴ ሚስትም ልክ እንዳንቺ ጡቷን ብሏት…» ብላ ትጀምራለች፣ መሃል ላይ ሴትየዋ መሞቷ ትዝ ይላትና ሲኒዋ ላይ ታቀረቅራለች። ክፋት የለባትም። አንቺ ግን ሌሊቱን ሙሉ ያንን ታሪክ ስትጨርሺው ታድሪያለሽ። መድኃኒቱ በረኛ መሾም ነው። እህትሽ ወይም ልጅሽ «ዛሬ ደክሟታል፣ ሰላምታችሁን አደርሳለሁ» እንድትል ፈቃድ ስጫት፤ እንዲህ ያለ ታሪክ ሲጀመርም ወሬውን እሷ ትቀይረው። ቅር የሚለው ይኖራል። ይበለው።

ከኬሞ (ካንሰሩን ከሚገድለው መድኃኒት) በኋላ ባሉት ቀናትማ ይሄ የግድ ነው። ነጭ የደም ሴል ስለሚቀንስ ሰውነትሽ ኢንፌክሽን አይቋቋምም። ጉንፋን የያዘው ሰው በስልክ ይጠይቅ። ትኩሳትሽ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው፣ እስኪነጋ አይጠበቅም። በተገላቢጦሽ ግን ካንሰር ከሰው ወደ ሰው በማቀፍ ወይም አብሮ በመብላት አይተላለፍም። ሲኒሽን የሚለይብሽ ካለ ንገሪው፤ አብሮሽ ይጉረስ።

«ምን ልርዳሽ?» ሲሉሽ «ኧረ ምንም» አትበይ። አንዷ ሐሙስ ሐሙስ እንጀራ ትጋግር። አንዱ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ያምጣ። አንዱ የመኪናውን ይቻል። ቅሬውስ (ዕድሩስ) ለቀብር ብቻ ነው ያለው ማነው? ሰብሳቢውን በሰው አስጠይቂ፤ ሰው በሕይወት እያለ መርዳት የማይፈልግ ቅሬ ካለ እሱም ቢታወቅ ጥሩ ነው።

4. ዱዓውንም ጠበሉንም ያዢ፣ ክኒኑን ግን አትጣዪ

እኛ አገር በአንድ ቤት ውስጥ ሙስሊሟ አክስት ወዳጃ (የጋራ ጸሎት) ተቀምጣ ዱዓ ታደርጋለች፣ ክርስቲያኗ ምራት ለግሸን ማርያም ትሳላለች፣ ሁለቱም ለአንድ በሽተኛ። ይሄ በገንዘብ አይገኝም፣ ተጠቀሚበት። እምነት ለብዙ ሰው ሌሊቱን የሚያሻግር ነው። መስመሩ የሚታለፈው አንድ ሰው «ሕክምናውን አቁሚ» ወይም «ያልዳንሽው እምነትሽ ስላነሰ ነው» ሲልሽ ነው። እንዲህ የሚልሽን ሰው ተዪው፣ ወደሚያጽናናሽ ሼህ ወይም ቄስ ሂጂ። ጾም ላይ ሕመምተኛ ፈቃድ አለው፤ ንስሐ አባትሽን ወይም ሼሁን ጠይቂና ተረጋግተሽ ብዪ። ሥራ ሥር የምትወስጂ ከሆነ ለሐኪምሽ አትደብቂ፣ ከኬሞው ጋር የሚጣላ አለ።

5. መንገዱን የሚያውቅ ሰው ፈልጊ

ደሴ ሆስፒታል ኬሞ ስትወስጂ ግሉኮሱ እስኪያልቅ ሰዓታት ትቀመጫለሽ። አጠገብሽ ከወልድያ የመጣች፣ ከከሚሴ የመጣች፣ አራተኛ ዙሯን የምትወስድ ሴት አለች። አናግሪያት። አፍ ሲመር ምን እንደሚበላ፣ ፀጉር ሲረግፍ ሻሽ እንዴት እንደሚታሰር፣ ባል ሲርቅ ምን እንደሚባል ሐኪም የማይነግርሽን ትነግርሻለች። ስልኳን ተቀበዪ። ፀጉሩም ከኬሞ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል፤ ይህንን የበቀለላት ሴት ስትነግርሽ ይለያል።

ለጨረር ሕክምና ብዙ የወሎ ሰው 400 ኪሎ ሜትር አቋርጦ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ይሄዳል። እዚያ ዘመድ ከሌለሽ ከመሄድሽ በፊት ስለ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ አጠያይቂ። ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች በ1996 ዓ.ም. የመሠረቱት ማኅበር ነው፤ ከክፍለ ሀገር የሚመጡ አቅም ያጡ ታማሚዎችን ይደግፋል።

6. ሐዘኑ ካልለቀቀሽ አሳክሚው

ማልቀስ፣ መናደድ፣ ፈጣሪን «ለምን እኔን?» ማለት በሽታ አይደለም። ግን ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ከጨፈገገሽ፣ ምንም ነገር ካላስደሰተሽ፣ እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለሽ ድብርት ሊሆን ይችላል፤ ድብርት ደግሞ መድኃኒትም ምክርም አለው። ለሲስተሯ ንገሪያት፣ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ትልክሻለች። ስድብ አይደለም። ራስሽን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ በዚያው ቀን ለሰው ተናገሪ፣ ብቻሽንም አትደሪ። አንዳንዴ ጥፋቱ የመድኃኒቱ ነው፤ ከኬሞ ጋር የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን እንቅልፍ ያሳጣል፣ ሰዓቱ ይስተካከልልኝ ብለሽ ሐኪሙን ጠይቂ። ሕመም ካለም አትቻዪው። ሞርፊን (ኃይለኛው የሕመም ማስታገሻ) ታዘዘ ማለት «በቃ አለቀላት» ማለት አይደለም፤ የታመመ አካል እየጠዘጠዘ ልብ ተስፋ አያደርግም።

7. ተስፋውን አሳጥሪው

«ድኜ ልጆቼን ልድር» ትልቅ ነው፣ ይኑር። ለነገ ግን ትንሽ ያስፈልግሻል። ብዙ ኬሞ በየ21 ቀኑ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ሳምንት ይከብዳል፣ ሦስተኛው ብዙውን ጊዜ ቀለል ይላል። የሚያስደስትሽን ነገር እዚያ ቀላል ሳምንት ላይ አስቀምጪ፤ ሐይቅ ድረስ ወርዶ ዓሣ መብላት፣ የእህት ልጅ ምርቃት፣ ወይ ደጅ ወጥቶ ፀሐይ መሞቅ። ካላንደር ላይ ምልክት አድርጊበት። ካልሆነልሽ ለቀጣዩ ዙር ይዛወር።

ለአስታማሚዋም አንድ ነገር፦ አንቺም ተኚ። በሳምንት አንድ ሌሊት ሌላ ሰው ይደር፣ ማን እንደሆነ ዛሬውኑ ተነጋገሩ፣ ስሙን ከኬሞው ቀጠሮ ጎን ጻፉት።