«አያመኝም እኮ» እና ሌሎች ኢምፕላንት ያስተከሉ ሰዎች ስህተቶች

«አያመኝም እኮ!» ኢምፕላንት፣ ማለትም መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር፣ ካስተከሉ ታካሚዎቼ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። እባክዎ፣ ሕመም አይጠብቁ። የተፈጥሮ ጥርስ ከአጥንቱ ጋር የሚያያዘው ነርቭ ባለው ጅማት ነው፤ ኢምፕላንቱ የሚሠራበት ቲታኒየም የተባለው ብረት ግን በቀጥታ ከአጥንቱ ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ በኢምፕላንቱ ዙሪያ የተነሳ ኢንፌክሽን ከሥር አጥንቱን ሲበላ ብዙ ጊዜ ምንም አይሰማዎትም። ጥርሱም ጥቂት አጥንት እስከያዘው ድረስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። «ተነቃነቀብኝ» ብሎ የሚመጣ ታካሚ አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቷል፤ ይህን መንገር ዛሬም ይከብደኛል። ሲቦርሹ ደም ካዩ፣ ድዱ ቀልቶ ካበጠ ወይም ሲጫኑት መግል ከወጣ ሳይውሉ ሳያድሩ ይታዩ። ኢንፌክሽኑ ድዱ ላይ ብቻ ሳለ በደንብ ሲጸዳ ይድናል። አጥንት ውስጥ ከገባ ግን የጠፋው አጥንት በራሱ አይመለስም።

«ብረት ስለሆነ አይበላሽም» ብሎ ጽዳት መተው ሌላው ነው። ብረቱ አይቦረቦርም፤ የያዘው ግን ድድና አጥንት ነው።

አንቲባዮቲክ ገዝቶ መዋጥም መፍትሔ አይደለም። ባክቴሪያዎቹ ብረቱ ላይ ተጣብቀው በሠሩት ሽፋን ሥር ስለሚከለሉ፣ ሽፋኑ ተፍቆ ካልጸዳ መድኃኒቱ ብቻውን አያጠፋቸውም። ይህን ስህተት እኔም ሠርቻለሁ። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት መግል ለያዘ ኢምፕላንት መድኃኒት ብቻ አዝዤ አንዲት እናት ሸኘሁ። እብጠቱ ጠፋ፣ ሁለታችንም ደስ አለን። ከወራት በኋላ በራጅ ሳየው ግማሹ አጥንት የለም። ያን ቀን ማጽዳት ነበረብኝ።

አፍን ከሌላው አካል ነጥሎ ማየትም ብዙ ያስከፍላል። ከቆሰለ ድድ ባክቴሪያ ወደ ደም ይገባል። ጤነኛ ሰው ብዙውን ጊዜ ወዲያው ያጠፋዋል፤ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ላለው ወይም ከዚህ በፊት የልብ ውስጠኛ ሽፋን ኢንፌክሽን ይዞት ለነበረ ሰው ግን ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። ስኳር ካለብዎም፣ በተፈጥሮ ጥርስ ዙሪያ ከሚነሳው የድድ በሽታ እንደምናውቀው፣ ስኳሩ ሲከፋ ድዱ ይከፋል፤ ድዱ ሲከፋ ደግሞ ስኳሩን መቆጣጠር ያስቸግራል። በአንጻሩ «የኢምፕላንት ኢንፌክሽን የልብ ድካም ያመጣል» እያሉ ሰው የሚያስፈራሩም ተሳስተዋል። የድድ በሽታና የልብ ሕመም አብረው እንደሚታዩ ተረጋግጧል፤ አንዱ ሌላውን እንደሚያመጣ ግን አልተረጋገጠም።

ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ያቁሙ። ለአጥንት መሳሳት የሚወስዱት መድኃኒት ካለ፣ መንጋጋ ላይ ቁስሉ አልድን የሚል ችግር ሊያስከትል ስለሚችል፣ ከመተከሉም ከመታከምዎም በፊት ለሐኪምዎ ይንገሩ።

እብጠቱ ወደ አገጭ ሥር ወይም ወደ አንገት ከወረደ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረዎት፣ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።