ቲመክስ ተከፍቶ ሳለ ሥራው የሚሞተው ለምንድን ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣልኝ ብልሽት ይህ ነው፦ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ራውተሩ ግን ይጠፋል፣ ከሩቅ ሰርቨር ጋር በኤስኤስኤች (ሌላ ኮምፒውተርን ከሩቅ በትእዛዝ በሚያሠራው መንገድ) የነበረው ግንኙነትም ይቋረጣል። መብራት ሲመለስ የቲመክስ (tmux፣ የተርሚናል ሥራዎችን ከመቋረጥ የሚጠብቅ ፕሮግራም) መስኮቶች በየቦታቸው ይታያሉ፤ ሲሠራ እንዲያድር የተተወው ፕሮግራም ግን የለም።

ምክንያቱ ቲመክስ ላፕቶፑ ላይ መከፈቱ ነው። ቲመክስ የሚጠብቀው በተከፈተበት ማሽን ላይ ያለውን ሥራ ብቻ ነው፤ ሰርቨሩ የግንኙነቱን መቋረጥ ሲያውቅ በእርሱ ወገን ያለውን ተርሚናል ይዘጋል፣ በተርሚናሉ ሥር የሚሠሩት ፕሮግራሞችም ሲግሃፕ የተባለው «ተርሚናሉ ተዘግቷል» የሚል ምልክት ደርሷቸው ይሞታሉ። የጣናን እምቦጭ በሳተላይት ምስል የሚያጠና አንድ ተማሪ ሌሊቱን የሚፈጅ ሥራ በዚህ መንገድ አጥቷል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ የባትሪ ሣጥን) ገዝቶ ነበር፤ የሰካበት ግን ራውተሩን ሳይሆን የራሱ ባትሪ ያለውን ላፕቶፕ ነው። ሌላው ደግሞ ቲመክስን አጥፍቶ እንደገና ከጫነ በኋላ «ፕሮግራሙ አይረባም» ብሎኝ ነበር፤ ሰርቨሩ ላይ ግን አንድም ቀን ከፍቶት አያውቅም።

ለማረጋገጥ ሰርቨሩ ውስጥ ሆነው በትልልቅ ፊደል የሚጻፈውን «ቲመክስ» ቫሪያብል በኢኮ ትእዛዝ ያሳዩት (echo $TMUX)፤ ባዶ ከሆነ ጥበቃ የለም። መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፦ መጀመሪያ በኤስኤስኤች ይግቡ፣ ከዚያ እዚያው ቲመክስን በስም ይክፈቱ፣ ሥራውን ያስጀምሩ፣ በኮንትሮል ቢ እና በዲ ይውጡ፣ ሲመለሱ በአታች ትእዛዝ (tmux attach) ይግቡ። «ኤግዚት» ብለው አይውጡ፤ ትእዛዝ የሚቀበለውን ሼል ይዘጋዋል። የአማርኛ ኪቦርድ እንደበራ ዲን ቢጫኑ የሚደርሰው «ድ» ስለሆነ ቲመክስ አይታዘዝም፤ አስቀድመው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱት። ሰርቨሩ ራሱ ከጠፋ ደግሞ ቲመክስም አብሮ ይጠፋል፤ ውጤቱን በየደረጃው ፋይል ላይ የማይጽፍ ፕሮግራም አሳድሮ መተኛት ቸልተኝነት ነው።

ቲመክስ ሰርቨሩ ላይ ተከፍቶም ሲወጡ የሚሞት ከሆነ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሲስተምዲ (በሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞችን የሚያስጀምርና የሚያስተዳድር ሥርዓት) ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣው 230ኛ እትም ጀምሮ ተጠቃሚው ሲወጣ ፕሮግራሞቹን የመግደል ልማድ አለው፣ ምንም እንኳ እንደ ዴቢያን ያሉ የሊኑክስ ስርጭቶች ቢያጠፉትም። ለተጠቃሚው «ሊንገር» የተባለውን ከወጣ በኋላም ፕሮግራም የማሠራት ፈቃድ ያብሩለት፣ ቲመክስንም በሲስተምዲ ረን ትእዛዝ (systemd-run --user --scope tmux) ያስጀምሩ።

የግእዝ ፊደላት በግርጌ ሰረዝ (_) ተተክተው ከታዩ ቲመክስን በዩቲኤፍ 8 የፊደል አጻጻፍ (tmux -u) ያስጀምሩ።