ዶማውን ትታችሁ ጫፏን አስጠጉ

በጓሯችሁ በብረት መፈለጊያ ሳንቲም የምትፈልጉ የወሎ ልጆች፣ ማሽኑ ጮኸ ብላችሁ በዶማ አትጣደፉ። 1780 የሚል የተጻፈበት ማርትሬዛ ላይ የዶማ ጭረት ማየት ያንገበግባል! ትንሿን ፒንፖይንተር (ብረቱ ያለበትን ትክክለኛ ቦታ የምታሳየውን በእጅ የምትያዝ መፈለጊያ) ከአፈሩ አርቃችሁ፣ አየር ላይ አብሯት። ከዚያ ጫፏን ቀስ እያላችሁ ወደ ጉድጓዱ አስጠጉ። የምትደርሰው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከየአቅጣጫው ከጮኸችባችሁ፣ እዚያው አጠገቡ አጥፍታችሁ መልሳችሁ አብሯት። ብዙዎቹ ላይ የምትይዘው ክልል ይጠባል፤ ቦታውን ቁልጭ አድርጋ ታሳያችኋለች። ዝም ካለች ደግሞ ያወጣችሁትን ጓል ፈትሹ። እኔ ስንቴ ባዶ ጉድጓድ ስቆፍር ውያለሁ፣ ሳንቲሙ ጓሉ ውስጥ! አፈራችን ብረት ስላለው ያለ ምክንያት ከለፈለፈች ሴንሲቲቪቲዋን (ብረት የመለየት ንቃቷን) ቀንሱ። ቅርስ ያለበት ቦታ ላይ ግን ያለ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው።