እንግዳን ከአጥር ውጭ አክብሮ መቀበል፦ በሐዋሳ ለድርጭትና ለጅግራ አርቢዎች የተጻፈ መመሪያ

ሐዋሳ ላይ ድርጭት ወይም ጅግራ የሚያረባ ሰው ደጁ ጎብኚ አያጣም። ድርጭት ለብዙዎቻችን ገና አዲስ ናት፤ ስለዚህ ጎረቤት፣ ዘመድ፣ የግብርና ተማሪ፣ ሥራውን ሊጀምር ያሰበ ወጣት፣ እንቁላሏን ለታመመ ልጅ የምትፈልግ እናት፣ ሁሉም «እስኪ ገብተን እንያቸው» ይላሉ። እንግዳን በር ላይ አቁሞ መመለስ ነውር በሆነበት አገር ይህን መከልከል ከባድ ነው፤ እኔም ለዓመታት መከልከል አልቻልኩም ነበር። አንድ የፋሲካ ሰሞን ግን ዶሮ ሲያዞር የሰነበተ ነጋዴ ጅግራ መርጦ ሊገዛ የወፎቹ ቤት ውስጥ ድረስ ገባ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ60 ጅግራዎቼ የተረፉት 9 ብቻ ነበሩ። ነጋዴው ባለፈበት መንደር ዶሮዎች በፈንግል እያለቁ እንደነበር የሰማሁት ኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የገባኝ ነገር፣ እንግዳ የሚከበርበት ቦታ አስቀድሞ ከተዘጋጀ ማንንም ማስቀየም እንደማያስፈልግ ነው።

በመጀመሪያ ምን እንደምንከለክል እንወቅ። የፈንግል ቫይረስ በታመመ ወፍ ኩስና ከአፍና ከአፍንጫው በሚወጣ ፈሳሽ ውስጥ አለ፤ ስለዚህ በጫማ ሶል፣ በባጃጅ ጎማ፣ በዶሮ ማጓጓዣ ሳጥን፣ በእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶንና በመኖ ጆንያ ላይ ተለጥፎ ከመንደር መንደር ይሄዳል። ጉምቦሮ የሚባለው የዶሮ በሽታ ቫይረስ ደግሞ ዶሮዎቹ ከወጡ በኋላ እንኳ በቤቱ ውስጥ 122 ቀን ድረስ መቆየቱ ተረጋግጧል። ወፎች የሕመም ምልክት ከማሳየታቸው በፊት ቫይረሱን ስለሚያስወጡ፣ «የእኔ ዶሮዎች ጤነኞች ናቸው» የሚለው የእንግዳ ቃል ከልብ የተነገረ ቢሆንም ዋስትና አይሆንም። ክትባትም ቢሆን የተከተበውን ወፍ ከሞት ይጠብቀዋል እንጂ ቫይረሱን ተቀብሎ ወደ ሌላው እንዳያስተላልፍ ሙሉ በሙሉ አያግደውም። ባለሙያዎች ባዮሴኩሪቲ የሚሉት፣ በሽታ ወደ እርባታ እንዳይገባና ከእርባታ እንዳይወጣ የሚከላከል ሥርዓት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ግቢውን በሦስት ይክፈሉት። ከአጥር ውጭ ያለው የእንግዳ ቦታ ነው፤ ከአጥር ውስጥ ያለው ግቢ የሠራተኞች ነው፤ የወፎቹ ቤት ደግሞ በዕለቱ ሥራው ካለበት ሰው በቀር ማንም የማይገባበት ነው። በእንግዳው ቦታ ላይ ጥላ፣ አግዳሚ ወንበር፣ የእጅ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና ይኑር፤ ቡናም እዚያ ይፈላ። እንግዳ ቡና ጠጥቶ፣ የጠየቀው ተመልሶለት ሲሄድ ቤቱን አላየሁም ብሎ አይቀየምም። ወፎቹን ማየት ለሚፈልግ ሰው በዚያው ዕለት በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ማሳየት ጥሩ ነው፤ አቅም ያለው ደግሞ ከቤቱ ጥቂት ሜትር ርቆ በሽቦ የሚታይበት መመልከቻ ሊያዘጋጅ ይችላል። ብዙዎች የሚሳሳቱበትን አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር፦ ለማሳየት ብለው ጥቂት ድርጭቶችን በሳጥን አውጥተው፣ እንግዳው በእጁ ከዳሰሳቸው በኋላ ወደ መንጋው አይመልሱ። የወጣ ወፍ ወይ ይሸጣል፣ ወይ ለብቻው ይቀመጣል።

በቤቱ በር ላይ ያለው የጫማ ለውጥ ከሁሉም የበለጠ ዋጋ ያለው እርምጃ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ወጪውም ጥቂት ነው። ከበሩ ውስጥ ወለሉን አቋርጦ የሚተኛ፣ ቁመቱ እስከ ጉልበት የሚደርስ አግዳሚ ወንበር ወይም ግንድ ያድርጉ። ሰውየው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የግቢውን ጫማ በዚህ ወገን ያወልቃል፤ ከዚያም እግሩን መሬት ሳያስነካ አዙሮ በወዲያኛው ወገን የተቀመጠውን የቤቱን ቦት ጫማ ያጠልቃል፤ ቱታውንም እዚያው ይለብሳል። ሲወጣ በተቃራኒው ያደርጋል። የቤቱ ጫማ ከወንበሩ ወዲህ፣ የግቢው ጫማም ከወንበሩ ወዲያ አንድም ቀን መታየት የለበትም። ለእያንዳንዱ ቤት የተለየ ቀለም ያለው ቦት ቢገዛ ስሕተት በሩቁ ይታያል።

ብዙ አርቢዎች በር ላይ የሚያስቀምጡት የእግር መንከሪያ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ረዳት ነው። አንድ ሊትር በረኪና ከ9 ሊትር ውኃ ጋር ሲቀላቀል፣ በረኪናው እንደ አብዛኛው 5 በመቶ ክሎሪን ያለው ከሆነ፣ ግማሽ በመቶ ጥንካሬ ያለው ፈሳሽ ይሰጣል። ይሁን እንጂ በረኪና ጭቃና ኩስ ሲነካው ኃይሉን ያጣል፤ ፀሐይም ታደክመዋለች። ስለዚህ ጫማው አስቀድሞ በብሩሽና በውኃ ይታጠባል፤ መንከሪያው በጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ፈሳሹም በየቀኑ፣ ከደፈረሰም ወዲያውኑ ይለወጣል። ሳምንት የቆየ ጥቁር ውኃ ውስጥ እግርን አጥልቆ ማለፍ በሽታን ይዞ የመግባት ያህል ነው። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር መቀላቀል አደገኛ ጋዝ ሊያወጣ ስለሚችል ሠራተኞች ይህን በደንብ ማወቅ አለባቸው።

የግድ መግባት ያለበት ሰው አለ፦ የእንስሳት ሐኪም፣ ክትባት ሰጪ፣ የመብራት ወይም የውኃ ጠጋኝ፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የተላከ ተቆጣጣሪ። እነዚህን በር ላይ በአክብሮት ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ። ባለፉት 48 ሰዓታት ሌላ የዶሮ ወይም የወፍ እርባታ ገብተዋል? በቤትዎ ዶሮ አለ? ከገበያ ዶሮ ገዝተው ወይም ነክተው ነበር? ከመልሶቹ አንዱ «አዎ» ከሆነና ሥራው ሊቆይ የሚችል ከሆነ ቀጠሮ ይስጡ። ሊቆይ ካልቻለ እጅ በሳሙና ታጥቦ፣ የእርባታውን ቱታና ቦት ለብሶ፣ ቦርሳውን ውጭ ትቶ፣ ከሚያስፈልጉት ዕቃዎች የታጠቡትን ብቻ ይዞ ይግባ። ክትባት ሰጪው በአንድ ቀን ብዙ እርባታ ስለሚዞር የእርስዎን ቤት ማለዳ መጀመሪያ እንዲያደርግልዎ መለመን ተገቢ ነው። በሩ ላይ መዝገብ ይኑር፤ ስም፣ ስልክ፣ ቀን፣ የመጣበት ቦታና የገባበት ቤት ይጻፍበት።

ዘበኛው ይህን ሁሉ ለባለሥልጣንም ለባለቤቱ ወንድምም እኩል እንዲያስፈጽም ከባለቤቱ ግልጽ ትእዛዝ ያስፈልገዋል። ባለቤቱ ራሱ ጫማ ሳይቀይር ሲገባ ያየ ዘበኛ ሌላውን ሊያስቆም አይችልም።

የእንቁጣጣሽ፣ የገና፣ የፋሲካና የፍቼ ጫምባላላ ሰሞን የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በእነዚህ ሳምንታት ከብዙ ወረዳ የተሰበሰቡ ዶሮዎች በአንድ ገበያ ይገናኛሉ፤ ነጋዴውም ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው በአንድ ሳጥን ይዞራል። ሽያጭ ከአጥር ውጭ ብቻ ይሁን፤ የሚሸጡትን ወፎች በራስዎ ሳጥን አውጥተው ወደ ነጋዴው ሳጥን ያዛውሩ፤ የእርሱ ሳጥን አጥሩን አይለፍ። ያልተሸጡት ተመልሰው ወደ መንጋው እንዳይገቡ በቁጥር ተስማምተው ያውጡ። የወረቀት እንቁላል ካርቶን ከወጣ አይመለስም፤ የፕላስቲኩ ግን ታጥቦ፣ በበረኪና ተነክሮ፣ ደርቆ ሊመለስ ይችላል። የመኖ መኪናም ሆነ ባጃጅ ጭነቱን በበር ያውርድ፤ ወደ ውስጥ የሚያስገባው የእርባታው ጋሪ ነው።

ሠራተኞች በቤታቸው ዶሮ አለማርባታቸው ከሕጎቹ ሁሉ የሚከብደው ነው፤ ለብዙ ቤተሰብ ጥቂት ዶሮ ማለት የልጆች ደብተር መግዣ ነውና። እኔ ይህን የምጠይቀው ምትኩን ሰጥቼ ነው፦ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በየሳምንቱ እንቁላል፣ በበዓል ደግሞ የታረደ ወፍ። ምትክ ሳይሰጡ መከልከል ሰውን ወደ መደበቅ ይገፋዋል፤ የተደበቀ ዶሮ ደግሞ በግልጽ ከሚታወቀው የከፋ አደጋ ነው።

ሐዋሳ የሐይቅ ከተማ መሆኗ ሌላ ሸክም ይጨምራል። በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ አባ ኮዳዎች በሰው መካከል ሲመላለሱ ሁላችንም እናያለን፤ በሐይቁ ዳርና በጥቁር ውኃ ረግረግ ዳክዬዎችና ሌሎች የውኃ ወፎች ሞልተዋል፤ ከአውሮፓና ከእስያ ክረምትን ሸሽተው በስምጥ ሸለቆው በኩል የሚመጡትም ከመስከረም እስከ መጋቢት ገደማ ይቀላቀሏቸዋል። የእነዚህ ወፎች ውበት የከተማችን ጸጋ ነው፤ ሊጠሉም ሊገደሉም አይገባም። የዱር የውኃ ወፎች ግን የወፍ ጉንፋን ቫይረስ ተፈጥሯዊ ተሸካሚዎች ናቸው፤ ድርጭትም ቫይረሱን በቀላሉ የምትቀበል ወፍ ናት። ስለዚህ የሐይቅ ውኃ ሳይታከም ለመጠጥም ለመታጠቢያም አይግባ፤ ጥሬ የዓሣ ትራፊ ወደ ግቢው አይምጣ፤ ዓሣ ገበያ የዋለ ጫማም በበሩ ላይ ይቅር። መስኮቱ ቀዳዳው ከ2 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ሽቦ ይሸፈን፤ የፈሰሰ መኖ ድንቢጥና አይጥ ስለሚጠራ ማታ ማታ ይጠረግ። ከጫካ የተያዘች ጅግራ ለእርባታ ይሆናል ብሎ የሚያመጣልዎ ሰው ካለ አይቀበሉ፤ በሽታ ልታስገባ ትችላለች፣ የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ መያዝም በሕግ የተከለከለ ነው።

ድርጭት፣ ጅግራና ዶሮ በአንድ ቤት አይኑሩ። ዶሮ ሳትታመም በአንጀቷ የምትሸከመው ትል የጉበት በሽታ የሚያመጣ ጥገኛ ሕዋስ አለው፤ ይህን የያዘው የትሉ እንቁላል ኩሷ በወደቀበት መሬት ላይ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ጅግራም ከዚያ መሬት ስትለቅም ልትታመም ትችላለች። የዕለቱ ሥራ ከጫጩቶች ተጀምሮ ወደ ትልልቆቹ፣ ከጤነኞቹም ወደ ታማሚዎቹ ይሂድ፤ ወደ ኋላ አይመለስ። አዲስ የተገዙ ወፎች ቢያንስ ለ3 ሳምንት ራቅ ባለ ቤት ይቀመጡ፤ በተለየ ሠራተኛ ወይም በቀኑ መጨረሻ ብቻ ይጎብኙ።

አንገት መጠምዘዝ፣ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ ትንፋሽ ማጠር ወይም ድንገተኛ ሞት በታየ ጊዜ በሩ በዚያው ሰዓት ይዘጋ፤ ሽያጭም ይቁም። የታመሙትን በርካሽ ለመሸጥ የሚመጣው ፈተና ትልቅ ነው፤ የጎረቤትን መንጋ የሚያጠፋውም ይኸው ነው። በሕግ መሠረት ማሳወቅ የሚገባ በሽታ ሲጠረጠር ለአካባቢው የእንስሳት ጤና ባለሙያ መነገር አለበት፤ እርሱም ናሙና ወስዶ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል። የሞቱት ውሻ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ፣ ከውኃ ጉድጓድና ከሐይቁ ዳር ርቆ፣ ኖራ ተነስንሶባቸው ይቀበሩ። ከዚያ መዝገቡን ከፍተው ባለፉት 3 ሳምንታት ለመጡት ሁሉ፣ በተለይም ራሳቸው ወፍ ለሚያረቡት፣ በዚያው ቀን ስልክ ይደውሉ።