የሚጥል በሽታ መድኃኒት እንዴት ይመረጣል?

የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚመረጠው ሕመሙ ሲነሳ በሚያሳየው ምልክት ስለሆነ፣ ታማሚው ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ሲጥለው ያየ ሰው አብሮት ይሂድ፤ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ካለም እጅግ ይረዳል። «ወደቀ፣ አረፋ ደፈቀ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ከመውደቁ በፊት አንድ እጁ ብቻ ተንቀጥቅጦ እንደሆነ፣ አንገቱ ወደ አንድ ወገን ዞሮ እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል።

ሕመሙ ከአንድ የአንጎል ክፍል የሚነሳ ከሆነ በቅድሚያ የሚታሰቡት ላሞትሪጂን፣ ሌቬቲራሴታም ወይም ካርባማዜፒን ናቸው። ከመነሻው መላ ሰውነትን ገትሮ ለሚያንቀጠቅጠው ዓይነት ቫልፕሮኤት ብርቱ መድኃኒት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1912 ጀምሮ የሚታወቀው ፌኖባርቢታል ለሁለቱም ይሠራል፤ ዋጋው ርካሽ ቢሆንም እንቅልፍ ያበዛል፣ አንዳንድ ልጆችንም ያቅበጠብጣል።

ስህተት የሚበዛው ግን መሬት ላይ በማይጥለው ዓይነት ነው። ምሳ እየበላ ሳለ እጁ ጉርሻውን እንደያዘ ቀርቶ፣ ለ10 ሴኮንድ ያህል ዓይኑ ፈዞ፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ መብላቱን የሚቀጥል ልጅ ብዙ ጊዜ «ልቡ እዚህ የለም» ተብሎ ይቆጡታል እንጂ ታመመ የሚለው የለም። ለእርሱ የሚስማማው ኤቶሱክሲማይድ ወይም ቫልፕሮኤት ነው። ጠዋት ከእንቅልፉ እንደተነሳ ክንዱ ድንገት እየተወራጨ የሻይ ብርጭቆ የሚያስጥለው ወጣትም አለ። ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን እነዚህን ሁለት ዓይነቶች ሊያባብሱ ስለሚችሉ፣ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ ሕመሙ ከበዛ መጠኑን ከመጨመር በፊት ዓይነቱ በትክክል ተለይቶ እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ ይገባል።

ልትወልድ የምትችል ሴት ቫልፕሮኤት ሲታዘዝላት ይህን አስቀድማ ትወቅ፤ በእርግዝና ወቅት ሲወሰድ ከ10 ሕፃናት 1 ያህሉ የአካል ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ። ሌላ አማራጭ ሲኖር ላሞትሪጂን ወይም ሌቬቲራሴታም ይመረጣል። ይሁን እንጂ ቫልፕሮኤት እየወሰደች ያረገዘች ሴት በራሷ ውሳኔ አታቁም፤ በአስቸኳይ ሐኪሟን ታማክር። ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል ደግሞ የእርግዝና መከላከያ ክኒንን ኃይል ያዳክማሉ። ላሞትሪጂን በየሳምንታቱ ቀስ እያለ የሚጨመር ነው፤ ሽፍታ ካወጣ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ሕክምናው የሚጀመረው በአንድ መድኃኒትና በአነስተኛ መጠን ነው። ካልሠራም ሁለተኛው እየተጨመረ የመጀመሪያው ቀስ በቀስ ይቀነሳል እንጂ በአንድ ጊዜ አይቋረጥም፤ ጠበል የሚጠመቅ ሰውም ክኒኑን ሳያቋርጥ ይጠመቅ፤ ድንገት ማቆም ሳያባራ የሚደጋገም መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላልና። ከ5 ደቂቃ በላይ የቆየ መንቀጥቀጥ ወዲያውኑ ሆስፒታል መድረስ አለበት።