በኬሚካላዊ ሚዛን ላይ ያለ ክምችት እንዴት ይሰላል?

በምሳሌ እንሥራው። ሃይድሮጅን እና አዮዲን ተዋሕደው ሃይድሮጅን አዮዳይድ ይሰጣሉ፦

ሃይድሮጅን + አዮዲን ⇌ 2 ሃይድሮጅን አዮዳይድ

በ430 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚዛን ቋሚው (ኬ)፣ ማለትም በሚዛን ላይ የሃይድሮጅን አዮዳይድ ክምችት ካሬ ለሃይድሮጅንና ለአዮዲን ክምችቶች ብዜት ሲካፈል የሚወጣው ቁጥር፣ 54.3 ነው። 2 ሊትር በሚይዝ ዝግ ዕቃ ውስጥ ከሃይድሮጅንም ከአዮዲንም 0.60 ሞል ገብቷል እንበል።

1. ሞሉን በሊትር አካፍሉ፦ 0.60 ÷ 2 = 0.30 ሞል በሊትር። ይህን መዝለል አደገኛ ነው። በዚህ ምሳሌ በሁለቱም ወገን ያለው የጋዝ ሞል እኩል ስለሆነ የዕቃው ይዘት (ሊትሩ) በስሌቱ ውስጥ ይጣፋል፤ ሳታካፍሉ ብትሠሩም ማረጋገጫው ትክክል መስሎ ያልፋል፣ ያገኛችሁት ግን ሞል እንጂ ክምችት አይደለም።

2. ባለ ሦስት ረድፍ ሠንጠረዥ (አይስ ቴብል) ሥሩ። ዓምዶቹ በቅደም ተከተል ሃይድሮጅን፣ አዮዲንና ሃይድሮጅን አዮዳይድ ናቸው፤ ሚዛን እስኪደረስ ከሃይድሮጅን የሚቀንሰውን ክምችት ኤክስ በሉት።

መነሻ፦ 0.30 | 0.30 | 0
ለውጥ፦ −ኤክስ | −ኤክስ | +2ኤክስ
ሚዛን፦ 0.30−ኤክስ | 0.30−ኤክስ | 2ኤክስ

በእኩልታው ላይ ከፊት የሚጻፉት ቁጥሮች የሚያባዙት የለውጡን ረድፍ ብቻ ነው፤ መነሻውን አትንኩ። ከመነሻው ሁሉም ካሉ ግን መጀመሪያ ኪውን አስሉ፤ ኪው ማለት በኬ ቀመር ውስጥ የመነሻ ክምችቶቹ ሲገቡ የሚወጣው ቁጥር ነው። ከኬ ካነሰ ለውጡ ወደ ቀኝ ነው፤ ከበለጠ ወደ ግራ።

3. የሚዛኑን ረድፍ በኬ ቀመር ውስጥ አስገቡ፦ (2ኤክስ)² ÷ (0.30−ኤክስ)² = 54.3። ቅንፉን አትጣሉ፤ የ2ኤክስ ካሬ 4ኤክስ² ነው። ሁለቱም ወገን ካሬ ስለሆነ ሥሩን ውሰዱ፦ 2ኤክስ ÷ (0.30−ኤክስ) = 7.37። ኤክስ = 0.236። ስለዚህ ሃይድሮጅን እና አዮዲን እያንዳንዳቸው 0.064፣ ሃይድሮጅን አዮዳይድ 0.472 ሞል በሊትር። መልሳችሁ ተኩ፦ 0.472² ÷ 0.064² ≈ 54.4፤ ልዩነቱ ቁጥሩን ከማጠጋጋት የመጣ ነው።

4. ካሬው ካልተገኘስ? ብዙ ነጥብ የሚጠፋው እዚህ ነው። አሴቲክ አሲድን እንውሰድ፤ በ25 ዲግሪ ኬ = 1.8 × 10⁻⁵። አሲዱ በውሃ ውስጥ ሲከፈል የሃይድሮጅንና የአሴቴት አየኖችን ይሰጣል፤ የእያንዳንዳቸው ክምችት ኤክስ ነው። ውሃው በቀመሩ ውስጥ አይገባም። አሲዱ 0.10 ሞል በሊትር ሲሆን፦

ኤክስ² ÷ (0.10−ኤክስ) = 1.8 × 10⁻⁵

ኬ ትንሽ ስለሆነ ከታች ያለውን ኤክስ ትተን ብናሰላ ኤክስ = 1.34 × 10⁻³ ይወጣል። ይህ ከ0.10 ጋር ሲነጻጸር 1.3 በመቶ ነው፤ ከ5 በመቶ በታች ስለሆነ አቋራጩ ይሠራል። አሁን ያንኑ አሲድ ወደ 0.0010 አቅጥኑት። አቋራጩ 1.34 × 10⁻⁴ ይሰጣል፣ ይህም ከመነሻው 13 በመቶ ነው። ኬ አልተለወጠም፣ አቋራጩ ግን ወደቀ። ስለዚህ "ኬ ትንሽ ነው" ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ከመነሻው ክምችት ጋር አነጻጽሩ፣ በመቶኛውንም በመልሱ ወረቀት ላይ ጻፉት። እዚህ የኳድራቲክ ቀመር ግድ ነው፦

ኤክስ² + 1.8 × 10⁻⁵ኤክስ − 1.8 × 10⁻⁸ = 0

ትክክለኛው መልስ 1.25 × 10⁻⁴ ነው፤ አቋራጩ 7 በመቶ ገደማ አብዝቶ ነበር። ቀመሩ ሁለት መልስ ይሰጣል፤ ማንኛውንም ክምችት ከዜሮ በታች የሚያወርደውን ጣሉ። ኤክስ ራሱ ኔጌቲቭ መሆኑ ግን ሁልጊዜ ስሕተት አይደለም፤ አቅጣጫውን ገልብጣችሁ ጀምራችሁ ይሆናል።

5. ኬ እጅግ ትልቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ 10⁸፣ መጀመሪያ ምላሹ እስከ መጨረሻው እንደሄደ ቁጠሩና አዲስ መነሻ ጻፉ። ከዚያ ወደኋላ የሚመለሰውን ትንሽ መጠን ኤክስ በሉት፤ አቋራጩ እንደገና ጠቃሚ ይሆናል፣ የ5 በመቶው ፍተሻም አይቀርም።