በምግባችን ያሉ ማዕድናት ለሰውነታችን እንዲደርሱ ምን ማድረግ ይገባል?

ጤፍ በብረት ማዕድን የበለጸገ መሆኑ ይታወቃል፤ ሆኖም እንጀራ በየቀኑ በሚቀርብበት ቤት እንኳ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት በደም ማነስ ሲያዙ ይታያል። አንዱ ምክንያት በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ የሚገኘው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ብረትንና ዚንክን አጥብቆ ስለሚይዝ አንጀት በቀላሉ ሊመጥጣቸው አለመቻሉ ነው። ከዚህም ሌላ በጤፍ ውስጥ ከሚለካው ብረት ከፊሉ በአውድማ ላይ ሲወቃ ከአፈር የተቀላቀለ በመሆኑ ሰውነት ብዙም አይጠቀምበትም። ስለዚህ የምንበላውን ከመምረጥ ባልተናነሰ አዘገጃጀቱ ሊታሰብበት ይገባል።

ሊጡ በእርሾ ሁለትና ሦስት ቀን ሲብላላ ፋይቴቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በመሆኑም በችኮላ የተጋገረ አፍለኛ እንጀራ በዚህ ረገድ በደንብ የቦካውን አያህልም። ባቄላና ሽምብራም ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፈው አድረው ውሃው ቢደፋ፣ ይልቁንም በጾም ወራት እንደምናዘጋጀው በቆልት እስኪያጎነቁሉ ቢቆዩ የተሻለ ጥቅም ይሰጣሉ። ሽሮ ወይም ምስር ወጥ ሲቀርብ ከጎኑ ጥሬ ቃሪያ፣ ወይም ሎሚ የተጨመቀበት የቲማቲም ሰላጣ ይኑር፤ በውስጣቸው ያለው ቫይታሚን ሲ ከእህል የሚገኘው ብረት ወደ ደም እንዲገባ በእጅጉ ያግዛል። ቫይታሚኑ በሙቀት ስለሚጎዳ ሳይበስሉ መበላታቸው ይመረጣል። ቡናና ሻይ ግን በተቃራኒው ብረቱን ይይዙታል። ቡናን መተው አያስፈልግም፤ ከማዕድ ከተነሣን ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይተን መጠጣት በቂ ነው። የብረት እንክብል የታዘዘላት ነፍሰ ጡርም መድኃኒቱን በውሃ እንጂ በሻይ ወይም በወተት መዋጥ የለባትም።

አዮዲን ሲጎድል የሚታየው ምልክት እንቅርት ነው። ከእንቅርቱ ይልቅ የሚያሳስበው ግን የማይታየው ጉዳት፣ ማለትም በማሕፀን ያለው ልጅ አእምሮ በሚገባ አለማደጉ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ አውጥታለች፤ ይሁን እንጂ አዮዲኑ በፀሐይ፣ በእርጥበትና በሙቀት ስለሚባክን የቀረው ጥንቃቄ የቤት ሥራ ነው። ጨውን ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ከምድጃ አርቆ ማስቀመጥና ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመር ይገባል። አዮዲን ይገኛል ብሎ ጨው ማብዛት ግን ስሕተት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው።

ለአጥንት የሚያስፈልገው ካልሲየም ከወተት፣ ከአይብ፣ ከጎመን እንዲሁም ከጤፍ ራሱ ይገኛል።

ማዕድናት በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወሩት በውሃ ነው፤ የአዋቂ ሰው ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነውም ውሃ ነው። በቂ መጠጣታችንን ለማወቅ ሽንታችንን መመልከት ይረዳል፤ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ መልካም ነው፣ ከጠቆረ ግን ውሃ ጎድሏል። ተቅማጥ በያዘው ልጅ ላይ ከውሃው ጋር ሶዲየምና ፖታሲየም አብረው ስለሚወጡ ውሃ ብቻ መስጠት አይበቃም። አንዱን የኦ.አር.ኤስ. (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጦ ቶሎ ቶሎ በማንኪያ መስጠት፣ ጡት የሚጠባ ከሆነም ማጥባቱን አለማቋረጥ፣ ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውን የዚንክ እንክብልም ተቅማጡ ቢቆም እንኳ እስከ መጨረሻው መጨረስ ያስፈልጋል።

በስምጥ ሸለቆ ለሚኖሩ አንድ የተለየ ማሳሰቢያ አለ። በአካባቢው የብዙ ጉድጓዶች ውሃ ፍሎራይድ የተባለ ማዕድን ይበዛበታል፤ በዓለም ጤና ድርጅት የተቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን ከዚያ ያለፈው የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፣ ለብዙ ዓመታት ሲጠጣም አጥንትን ይጎዳል። ውሃ ማፍላት ጀርሞችን ቢገድልም ፍሎራይድን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲሄድ በቀረው ውስጥ መጠኑ ከፍ ይላል። ስለዚህ ውሃውን ማስመርመር፣ ፍሎራይዱ ከበዛም ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ በንጽሕና የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ወይም ፍሎራይዱ የተጣራለትን መጠቀም፣ ሁሉንም ማዳረስ ካልተቻለ ደግሞ ቋሚ ጥርሳቸው ገና እየተሠራ ላሉት ከስምንት ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ቅድሚያ መስጠት ይገባል።